ረጅሙ በየት በኩል ነው

እኅቴ ኢልሀም ሻርጃ ስምንት ዓመት ስትኖር ስድስቱን መኪና ነድታለች። የአሠሪዋን ልጆች ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ትመልሳለች፣ ገበያ ትሄዳለች። በዝናብ ግን አንድም ቀን ነድታ አታውቅም። ይህን ያወቅነው የሥርጉት ሠርግ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው።

በልጉ የቀረ መስሎን ነበር። ፋሲካም በፀሐይ አለፈ። ሐሙስ ግን ጥቁር ደመና መጥቶ መካነ ሰላምን ደፈናት። ከመናኸሪያ ወደ ቤት እየተመለስን ሳለ ዝናቡ ወረደና ኢልሀም ዋይፐሩን አበራችው። ሁለቱም ክንዶች ተነሡ። ጎማዎቹ ግን አብረዋቸው አልተነሡም። አንደኛው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተልጦ መስታወቱ ላይ ቀረ፤ ሌላው ተበጥሶ ጭቃው ውስጥ ወደቀ። ባዶው ብረት መስታወቱን ይፍቀው ጀመር።

«እንዲህ ነው እንዴ የሚሠራው?» አለችኝ።

«አጥፊው፣ አጥፊው። መጨረሻ የነካሽው መቼ ነው?»

«ይቺን ከገዛሁ ነክቼው አላውቅም። ሻርጃም አቧራ ሲሆን ነበር የምንነካው።»

የቀረውን መንገድ እጄን በመስኮት አውጥቼ በፌስታል እየጠረግሁላት ቤት ደረስን።

መኪናዋ ነጭ ቪትዝ ናት። ኢልሀም ጥቅምት ላይ ከአዲስ አበባ ገዝታ ራሷ ነድታ ያመጣቻት ለኮንትራት ሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ በስድስት ወር የጠሯት አራት ሰዎች ሲሆኑ፣ ከአራቱ ሁለቱ ዘመዶቻችን ናቸው። ከተማችን ሴት ሹፌር አይጠላም፤ ብቻ ሌላ ሰው ቀድሞ እንዲሞክራት ይፈልጋል። እስከ ሰኔ ሥራ ካልያዘች መኪናዋን ሸጣ ወደ ሻርጃ እንደምትመለስ ነግራናለች። እናታችን ይህን ስትሰማ ምሳ አልበላም አለች። እኔ ውሳኔው ልክ ነው አልኩ። ልክ ነውና። ደስ ግን አላለኝም።

የጎረቤታችን የመሪጌታ ወልደሩፋኤል ባለቤት እትዬ አልጣሽ ናቸው ነገሩን የለወጡት። ልጃቸው ሥርጉት የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ከላላ ላይ ከአንድ ዲያቆን ጋር በተክሊል ልትጋባ ነው። መሪጌታ ቀድመው ሄደዋል። ሙሽራዋ ደግሞ ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ደርሳ ከሙሽራው ጋር ንስሐ አባታቸው ፊት መቅረብ አለባት። እትዬ አልጣሽ «ልጄን የምታደርሳት ኢልሀም ናት» ብለው ቆረጡ። ሰው ሁሉ ተከራከራቸው። «ስምንት ዓመት የሰው ልጆች ያለ አደጋ ያደረሰች የእኔን አንዷን ማድረስ ያቅታታል?» አሉና ዘጉት።

የሙሽራው አባት ቄስ ኪዳነማርያም ግን ልባቸው አልረጋም። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪናዋን ገበያው ዳር ካላየሁ በቅሎዬን ጭኜ እመጣለሁ» ብለው ላኩ። በቅሎ ከከላላ ተነሥታ መካነ ሰላም እስክትደርስ ሠርጉ ያልፋል። ቢሆንም ዛቻ ዛቻ ነው፤ ከተማው ሁሉ ሰምቶታል። ሥርጉትን ካደረስን ኢልሀም ሹፌር ናት፤ ካላደረስን ሰኔም ሩቅ አይደለም።

ዓርብ የመለዋወጫ ሱቅ ያለው ጋሹ ዕቃ ሊያመጣ ደጎሎ ሄዶ ሱቁ ዝግ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ገና ሲከፍት በሩ ላይ ቆመናል።

«ዋይፐር አለህ? ለቪትዝ» አልኩት።

«ፈርሂያ፣ ሰው መጀመሪያ እንደምን አደርክ ይላል።»

«እንደምን አደርክ። ለቪትዝ።»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና አድሬያለሁ» አለና ሳቀ። ወደ ኢልሀም ዞሮ፣ «ይቺን ልጅ ተማሪዎቿ እንዴት ቻሏት?» አላት።

«አልቻሏትም» አለች ኢልሀም።

ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ይህን የምናገረው ኋላ ለሚመጣው ነገር ጥፋቱ ከማን እንደሆነ እንዲታወቅ ነው።

አሮጌዎቹን ጠዋት ደጃችን ላይ ነቅዬ በፌስታል ይዣቸው መጥቻለሁ። ጋሹ ተቀብሎ ባንኮኒው ላይ ዘረጋቸውና በእጁ ይሰነዝር ጀመር። «ይኼ ሁለት ስንዝር ተኩል። ይኼኛው ሁለት አይሞላም።»

«ሃምሳ አምስት ሳንቲ ሜትርና አርባ ሳንቲ ሜትር» አልኩት። «ለክቼዋለሁ።»

«እኔስ ምን አልኩ?»

ከደጎሎ ያመጣውን ካርቶን ፈታ። ዋይፐሮቹ በማሸጊያቸው ላይ ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ርዝመቱ ይጨምራል። ለረጅሙ ሃያ ሁለት ቁጥር ተገኘ። ለአጭሩ ግን ጋሹ አሥራ ስምንት ቁጥር አውጥቶ አቀበለኝ።

«የእኛ አሥራ ስድስት ነው።»

«አሥራ ስምንቱ ጎማው ይሻላል፤ ለስላሳ ነው። ትንሽ ቢረዝም ምን አለበት?»

«ጋሹ፣ የልጅ ልብስ አይደለም። ያድግበታል ተብሎ አይገዛም።»

ኢልሀም አሥራ ስምንቱን ተቀብላ ጎማውን በሁለት ጣቷ አሻሸችው። የሆነ ነገር ልትል ፈለገች። እኔ ግን ከካርቶኑ ሥር አሥራ ስድስቱን አግኝቼ ማሸጊያውን ቀድጄዋለሁ። የሚያያዝበትን ቦታ አየሁ፤ የእኛ ክንድ ጫፉ እንደ ከዘራ የተቆለመመ ነው፤ ይገባል። ሌላ የሚታይ ነገር አልነበረኝም። ሰዓቱ ሦስት ተኩል ሆኗል፤ በአራት ሰዓት ሙሽራዋ ደጅ መቆም አለብን።

መግጠሙ ቀላል ነው። ክንዱን ከመስታወቱ አንሥቶ ማቆም፣ የዋይፐሩን መሐል በከዘራው ጫፍ ሥር አሳልፎ ቀጭ እስኪል ወደ ላይ መሳብ። ኢልሀም የካርቶን ቁራጭ አምጥታ መስታወቱ ላይ አነጠፈች።

«ይኼ ለምንድን ነው?»

«ክንዱ ቢወድቅስ?»

«አይወድቅም።»

ሁለተኛውን ክንድ ሳነሣ ከእጄ አምልጦ ወደቀ። ካርቶኑን ዷ አድርጎ መታው። ኢልሀም ካርቶኑን አንሥታ አራገፈችው።

አሁን አንድ ጥያቄ ነበር፦ ረጅሙ በየት በኩል ነው? ጠዋት ስነቅላቸው ሁለቱንም መሬት ላይ ጣልኳቸው እንጂ የትኛው ከየት እንደተነቀለ አልያዝኩም። ግን ማሸጊያው ላይ ሥዕል አለ። መሪ ተሥሏል፤ ከመሪው ፊት ረጅሙ፣ ከተሳፋሪው ፊት አጭሩ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ማየት ያለበት ሹፌሩ ነው። የእኛ መሪ በግራ ነው። ረጅሙን በግራ አደረግሁት። ጫፉ ከመስታወቱ ጠርዝ ትንሽ ወጣ ያለ መሰለኝ፤ ሲሠራ ይስተካከላል አልኩ። እንዲህ ያለውን ነገር ፊዚክስ አላስተማረኝም፤ የራሴ ነው።

«ውሃ ላምጣና እንሞክረው» አለ ጋሹ።

«በመንገድ ይሞከራል። ግቢ፣ ኢልሀም።»

እነ እትዬ አልጣሽ ደጅ ስንደርስ የጋሼ አስናቀው ፒካፕ ቀድሞን ቆሟል። ጋሼ አስናቀው ሃያ ዓመት የነዱ ሰው ናቸው። ድስቱን፣ ሻንጣውንና የቀሩትን አጃቢዎች የሚወስዱት እሳቸው ሲሆኑ፣ ቆሎ እየቆረጠሙ በራቸውን ተደግፈው ይጠብቁናል።

«መንገድ ላይ ብትቸገሩ ሙሽራዋ ወደ እኔ ትዛወራለች» አሉ ገና ሳንወርድ። «ጋቢናውን ጠርጌዋለሁ።»

«አንቸገርም» አልኳቸው። «ጋሼ፣ የእርስዎ ግን አንዱ ዋይፐር የት ሄደ?»

ፒካፑ በሹፌሩ በኩል ብቻ ነው ዋይፐር ያለው፤ በሌላው በኩል ባዶ ክንድ ቆሟል።

«የሚያየው እኔ ነኝ። ተሳፋሪው አይቶ ምን ያደርግለታል? ይፈራ እንደሆነ እንጂ።»

ሥርጉት በእልልታ ወጣች። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች። በእትዬ አልጣሽ ወገን ሙሽራ ከእናቷ ደጃፍ ወጥታ ከሙሽራው ሰዎች እስክትደርስ ድምጿ አይሰማም። ለሌላ ሴት ይህ ልማድ ነው፤ ለሥርጉት ግን ቅጣት ነው። አብረን ስንማር ሥርጉትን ዝም ብላ ያየኋት ፈተና ላይ ብቻ ነበር፤ እዚያም ታጉረመርማለች። መኪና ስለሚያጥወለውላት ፊት ከኢልሀም ጎን ተቀመጠች። ከኋላ እትዬ አልጣሽ፣ ሚዜዋ የሻለምና እኔ ሆንን። ሥርጉት ተመርቃ ስታበቃ ሰዓቱ አምስት ሊሆን ነው።

ኢልሀም ሞተሩን ስታስነሣ የመጀመሪያው ነጠብጣብ መስታወቱ ላይ ወደቀ። ቀጥሎ ሁሉም አንድ ላይ ወረደ። ኢልሀም «ቢስሚላህ» ብላ ዋይፐሩን አበራችው።

ረጅሙ ዋይፐር በግራ ተነሣ፣ የጣራውን ጠርዝ ጓ አድርጎ መታ፣ ሲመለስም ከመስታወቱ ወጥቶ የበሩን ምሰሶ ጠቅ አደረገ። ተነሣ፣ ጓ። ተመለሰ፣ ጠቅ። በአራተኛው ጫፉ ከጠርዙ ማዶ ተጠልፎ ቆመ። ሞተሩ እንደታነቀ ሰው ሲያጣጥር ኢልሀም አጠፋችው። በቀኝ ያለው አጭሩ ደግሞ ትንሽ ጨረቃ የምታክል ጠርጎ የቀረውን ለውሃው ትቶታል።

እልልታው ቆመ።

ጋሼ አስናቀው ጃንጥላ ይዘው መጡና በመስኮቱ ጎንበስ አሉ። «እኔ ምንም አላልኩም» አሉ። «በሬን ብቻ ከፍቼ መጥቻለሁ።»

ወርጄ የተጠለፈውን አስለቀቅሁ። ክንዱን ወደ ውስጥ ጎበጥ ላደርገው ሞከርኩ፤ ብረት ነው፣ አይጎብጥም። የተሳሳተ ዕቃ ሰጥቶኛል ብዬ ጋሹን ረገምኩት። እንደገና ገጠምኩት፤ እንደገና ጓ፣ ጠቅ። ስልኬን አውጥቼ ልፈልግ ስል ኔትወርክ የለም። ፀጉሬ በሰብሶ ውሃው በጀርባዬ ይወርዳል።

በዚህ ሁሉ መሐል ሥርጉት መስታወቱን ከውስጥ በጣቷ ትመታለች። ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ አፏን ከፈተች።

«ሥርጉት» አሉ እትዬ አልጣሽ ከኋላ።

ዘጋችው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ መታች፤ አሁንም ልትናገር ስትል፣ «ልጄ፣ ሙሽራ ነሽ» አሏት። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመታ እኔም፣ «ሥርጉት፣ አንቺ ደግሞ ተቀመጪ፣ ሥራ ላይ ነን» አልኳት።

ኢልሀም መሪውን ይዛ ወደ ፊት ታያለች። «ፈርሂያ» አለች ቀስ ብላ፣ «ጋሼ አስናቀው ይውሰዷት። ልጅቷን ማስረፈድ ነውር ነው።»

ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ተንቀጥቅጦ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ዕቃ የሚመዝን ሰው ድምፅ ነበር፤ ሰኔን እየመዘነች።

ሥርጉት ያን ጊዜ ወደ ፊት ተስባ መስታወቱን በትንፋሿ አጨፈገገችው። ከዚያ በጣቷ ከቀኝ ጥግ ጀምራ ትልቅ ቅስት ሣለች፤ ከላይ እስከ ታች፣ የበር ቅስት የሚያህል። ከግራ በኩል ደግሞ ትንሽ ቅስት። ትልቁን ሁለት ጊዜ ደግማ አሰመረችበት፣ ወደ እኔ ዞረችና ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ዓይን መስደብ የሚችል ከሆነ ሰድባኛለች።

ጎንበስ ብዬ በሣለችበት መሥመር በኩል አየሁ። መስታወቱ ላይ ጭረት አለ። አሮጌ፣ ቀጭን፣ በደረቅ ቀን የማይታይ፤ ዓመታት ሙሉ ዋይፐር የተመላለሰበት ጭረት። ትልቁ ቅስት በቀኝ ነው። ትንሹ በግራ ነው።

«ኢልሀም፣ ይቺ መኪና መጀመሪያ መሪዋ በየት በኩል ነበር?»

«በቀኝ። የጃፓን ናት። ዱባይ ላይ ወደ ግራ ቀይረውት ነው የመጣችው።» ከዚያ ግንባሯን መሪው ላይ አሳርፋ መሳቅ ጀመረች። «ሲሸጡልኝ፣ መሪዋ መቀየሩ ፈጽሞ አይታወቅም ነበር ያሉኝ።»

መሪውን አዙረዋል፤ ዋይፐሩን ግን ማንም አላዞረውም። እሱ ዛሬም የሚጠርገው በቀኝ ለተቀመጠው ሹፌር ነው። ሥዕሉ ልክ ነበር፤ ለሌላ መኪና።

ሁለቱን ነቅዬ አቀያየርኳቸው፤ ረጅሙ በቀኝ፣ አጭሩ በግራ። በዚህኛው ዙር ካርቶኑን ራሴ አነጠፍኩ። ኢልሀም አበራችው። ሁለቱም ተነሡ፣ ተመለሱ፤ ምንም አልመቱም። የሻለም ብቻዋን እልል አለች፤ እትዬ አልጣሽ ተከተሉ።

«ረጅሙ የሚጠርገው ለሙሽራዋ ነዋ» አሉ ጋሼ አስናቀው። «እንግዲያ እሷ ትንዳ።»

ሥርጉት ከነጠላው ሥር ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሳቅም ድምፅ ነው ተብሎ ተከልክላለች።

ተነሣን፤ ግን መቶ ሜትር ሳንሄድ ኢልሀም መኪናዋን ዳር አስያዘች። «ከግራ ጥግ ሦስት ጣት የሚያህል አይጠርግልኝም» አለች። «ከፊት የሚመጣ መኪና የሚታየኝ በዚያ በኩል ነው። አየሽው?»

አየሁት። አሥራ ስድስቱ ለተሳፋሪ የተሠራ ነው፤ ጥጉ ድረስ አይደርስም። ሰው በዚያ በኩል ይነዳል ብሎ ያሰበ የለም። ሁለት ቁጥር የረዘመ ቢሆን ግን ይደርስ ነበር፤ ጠርዙንም አያልፍም።

የቆምነው ከጋሹ ሱቅ በታች ነው። ገና ከመኪናው ስወርድ ጋሹ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ፤ አሥራ ስምንቱን ከመደርደሪያው አውርዶ በእጁ ይዞታል።

«ልብሱ አደገበት?» አለኝ።

«ስጠኝ።»

«መጀመሪያ ምን ይባላል?»

«እንደምን ዋልክ፣ ጋሹ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለና ሰጠኝ።

ገጠምኩት፤ ቀጭ። ኢልሀም አበራችው። ጫፉ ጥጉን ነክቶ ተመለሰ፤ ከጠርዙ አንድ ጣት ሲቀረው። አሥራ ስድስቱን በፌስታል ጠቅልዬ እግሬ ሥር አስቀመጥኩት። ሰዓቱ ስድስት ከሩብ ነበር።

ኢልሀም መጀመሪያ ላይ እንደ እንቁላል ሻጭ ነበር የነዳችው። ዝናብ ላይ ጎማ እንደሚንሸራተት በወሬ እንጂ በእግሯ አታውቀውም። ኮረኮንቹ ላይ ስንወጣ ፍሬኑን ቀስ አድርጋ ነካ ነካ እያደረገች ሞከረችው፤ አንድ ቁልቁለት፣ ሁለት ቁልቁለት። በሦስተኛው ትከሻዋ ወረደ። ጋሼ አስናቀው ከኋላችን ጥሩንባ ይነፋሉ፤ እሷ አልሰማችም።

የሻለም የሠርግ ዘፈን ስታወጣ ምቱ ከዋይፐሩ ጋር ገጠመ። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ዋይፐሩ ሲነሣ እናጨበጭባለን፣ ሲመለስ እንቀበላለን። ዝናቡ ሲበረታ ኢልሀም ዋይፐሩን ታፈጥነዋለች፤ ያኔ ዘፈኑም ይፈጥናል፤ የሻለም ትንፋሽ ያጥራታል። «ኧረ ቀንሺልኝ» ስትላት ኢልሀም ጭራሽ ትጨምርባታለች። እትዬ አልጣሽ ስድሳ ዓመት የካህን ልጅ፣ የካህን ሚስት ሆነው የኖሩ ሴት፣ ጉልበታቸውን እየመቱ ተቀበሉ። ሥርጉት መዝፈን አይፈቀድላትም፤ ማጨብጨብ ግን አልተከለከለም፤ ሥርጉት ደግሞ ሕግ ታውቃለች። ከሁላችንም በላይ አጨበጨበች።

ደጋውን ስንወጣ ጉም ወረደ። ኢልሀም መብራት አብርታ በሁለተኛ ማርሽ ትሄዳለች። በኋላው መስታወት ሳይ ፒካፑ የለም።

«ጋሼ አስናቀው ቀሩ» አልኩ።

«ይድረሱብን፤ ፍጠኑ እያሉ ጥሩንባ ሲነፉ አልነበር?» አለች የሻለም።

ኢልሀም ግን ቆመች። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሃምሳ ደቂቃ ቀርቶናል፣ እኔ ደግሞ መቆም የማልወድ ሰው ነኝ፤ ሂጂ አልኳት። «መንገድ ላይ ብትቸገሩ ያሉን ሰው ናቸው» አለች። «ብንቸገር ይቆሙልን ነበር።»

ከአምስት ደቂቃ በኋላ ከጉሙ ውስጥ ወጡ። በእግር ከሚሄድ ሰው አይፈጥኑም። ራሳቸውን በመስኮት አውጥተው ነው የሚነዱት፤ ከባርኔጣቸው ውሃ ይንጠባጠባል። አጠገባችን ሲቆሙ ያ አንዱ ዋይፐራቸው የለም።

«ገደል ገባ» አሉ። «ተስፈንጥሮ፣ እያየሁት።»

«የሚያየው እርስዎ አይደሉ?» አልኳቸው።

«ተሳደቢ፣ ልጄ። ዛሬ ቀንሽ ነው።»

ፌስታሉን ይዤ ወረድኩ። የፒካፑም ክንድ ጫፉ እንደ ከዘራ የተቆለመመ ነው። አሥራ ስድስቱ ለሱ ያጥራል፤ ግን ከምንም ይሻላል። ጋሼ አስናቀው ጃንጥላ ያዙልኝ፤ ጃንጥላው እሳቸውን እንጂ እኔን አልከለለም። ክንዱን ሳነሣ፣ «ቆይ» አሉ፣ «ይኼ በየት በኩል ነው የሚገባው?»

«ሙሽራዋን ይጠይቋት።»

በእውነት ሄደው በመስኮቷ ጎንበስ አሉ። ሥርጉት ከነጠላዋ ሥር አንድ ጣት አውጥታ ወደ ሹፌሩ በኩል ጠቆመች። ቀጭ አደረግሁት።

ከዚያ በኋላ ጥሩንባ አልነፉም። የኋላ መብራታችንን ተከትለው፣ ትንሿን ጨረቃቸውን እየጠረጉ መጡ።

ከላላ ስንደርስ ዝናቡ ቆሟል፤ ፀሐይ ወጥታ መንገዱ ያጨሳል። የመኪናዋ ሰዓት ዘጠኝ ከአራት ይላል። ገበያው ዳር ሰው ተሰብስቧል፤ ከፊት ቄስ ኪዳነማርያም፣ ከጎናቸው መሪጌታ ወልደሩፋኤል፤ በመሐላቸው አንዲት ግራጫ በቅሎ ሙሉ ኮርቻ ተጭና፣ ሐር ለብሳ። ቄስ ኪዳነማርያም አንድ እግራቸውን እርካቡ ላይ አድርገዋል። ሊወጡ ነበር ወይስ አራት ደቂቃ እንዲሁ ቆመው ነበር፣ እስካሁን አላወቅሁም።

እትዬ አልጣሽ መስኮቱን አውርደው፣ «እግርዎን ያውርዱ፣ አባቴ» አሏቸው።

ቄስ ኪዳነማርያም እግራቸውን አወረዱ። መኪናዋን ዞሯት። ጭቃው እስከ በሮቿ ነው፤ የፊት መስታወቷ ብቻ ንጹሕ ነው፤ ሁለት ቅስት፣ አንድ ትልቅ አንድ ትንሽ። ኢልሀምን አዩአት። «በዚያ ዝናብ ነው የመጣሽው?»

«አዎ፣ አባ።»

«ስንት ዓመት ሆነሽ በዝናብ ስትነጂ?»

ኢልሀም ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ሰማይ አየሁ።

«ዛሬ ጀመርኩ» አለች።

መሪጌታ መስቀላቸውን ይዘው ሳቁ። ቄስ ኪዳነማርያም ግን አልሳቁም፤ አሰቡ። «እንግዲያ ማክሰኞ ሙሽሮቹ ለመልስ መካነ ሰላም ሲሄዱ አንቺው ትወስጃቸዋለሽ» አሉ። «በዚያው የወንድሜ ልጅ ለግንቦት ልደታ ሠርግ አለበት፤ እሱንም አነጋግርልሻለሁ። ወንዙን ስትሻገሪ ግን ቀስ በይ።»

«ሚዜዎቹን እኔ እወስዳለሁ» አሉ ጋሼ አስናቀው ከኋላ፣ ሸሚዛቸውን እየጨመቁ። «እሷን ተከትዬ።»

ሥርጉት ወረደች። የሙሽራው ሰዎች እልል ሲሉ ነጠላዋን ገለጠች፤ አሁን ተፈቅዶላታል። የሚጠብቃትን ሙሽራ አላየችም፣ አባቷን አልሳመችም፤ መጀመሪያ ወደ እኔ ዞረች።

«ስድስት ጊዜ ነው የመታሁት መስታወቱን» አለች። «ስድስት ጊዜ። ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄደሽ።»

«ሦስት ጊዜ ነው።»

«ቆጥሬያለሁ። ሌላ ምን ሥራ ነበረኝ?»

ከዚያ አባቷን ሳመች፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይዘዋት ሄዱ። በቅሎዋም ባዶ ኮርቻዋን ይዛ ተከተለች፤ ሐሩን ለብሳ በከንቱ አልዋለችም፤ ልጆች ሁሉ እሷን ነበር የሚከተሉት።

እኔና ኢልሀም መኪናው ውስጥ ቀረን። ዋይፐሩ በደረቁ መስታወት ላይ እየተንጫጨ አሁንም ይመላለሳል።

«አጥፊው፤ ጎማው ያልቃል» አልኳት።

«ትንሽ ይሥራ» አለች። ስልኳን አውጥታ ለእናታችን ደወለች፤ ከሰላምታም በፊት «ማክሰኞ ሥራ አለኝ» አለቻት። እናታችን የጮኸችው ከስልኩ ውጭ ይሰማል። እኔ እጄን ሰድጄ ዋይፐሩን አጠፋሁት፤ ኢልሀም እየሳቀች መልሳ አበራችው።